ዓባይ በረሃን በፔዳል ብቻ አልወጣሁም

(ባለፈው እሁድ ከሰዓት በወጣቶች መርሐ ግብር ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልተገኛችሁ ልጆች በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ እንዳለ ለጥፌዋለሁ። ረዘም ይላል፤ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።)

 

በቅድሚያ ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራ አጥ ሰው ሲጋበዝ ደስ ይለዋል፤ ሻይና ዳቦ ካለ ደግሞ ደስታው እጥፍ ነው።

ስገባ በሩ ላይ የለጠፋችሁትን ፖስተር አየሁት። "ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር፤ 560 ኪሎ ሜትር በፔዳል ብቻ!" ይላል። ሥሩ የእኔ ፎቶ አለ። ብስክሌቴን በሁለት እጄ ወደ ላይ አንስቼ፣ ከኋላዬ ገደሉ ጭጋግ ለብሶ ይታያል። ያ ገደል ዓባይ በረሃ ነው። ፎቶው የተነሳው ደጀን አፋፍ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ከለጠፍኳቸው ፎቶዎች ሁሉ እንደዚያ ሰው የወደደው የለም። እዚህ የተጠራሁትም በእሱ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለ ጉዞው ሰባት ቀን እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ አንዱ ቀን ብቻ ልናገር፤ ስለ ሦስተኛው ቀን። ምክንያቱም ፖስተሩ ላይ መታረም ያለበት ነገር አለ፤ ስህተቱም የእናንተ ሳይሆን የእኔ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የተመረቅኩት በጂኦሎጂ ነው። ድንጋይ ነው የተማርኩት። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ "ዜሮ ዓመት የሥራ ልምድ" የሚል ወረቀት ስፈልግ ያየኝ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥም አይጠፋም። ጓደኛዬ የአካውንቲንግ ምሩቅ ነው። የሌላውን ሒሳብ ሊሠራ ተምሮ የራሱን የታክሲ ሒሳብ ማሟላት ያቃተው ልጅ ነው። ስሙን እንዳልጠራ ለምኖኛል፤ እዚሁ መሃላችሁ ተቀምጧል።

ጉዞው የተፀነሰው ከሥራ ፈትነት ነው። እኔ ያገለገለች ማውንቴን ብስክሌት ነበረችኝ፤ እሱ ከአጎቱ ልጅ ተዋሰ። ኅዳር ነበር፤ ዝናቡ ቆሟል፤ ጤፉ ቢጫ ሆኗል። እናቴ "ሥራ ፈልግ ብልህ አገር ልትዞር?" አለችኝ። ግን በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችን። እናት ናታ!

ልንነሳ ስንል ማታ እኔ ፖስት አደረግኩ። አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። "አንድም ሜትር በመኪና የለም! አባቶቻችን በእግራቸው ዘምተዋል፤ እኛ በፔዳል እንወጣዋለን!" ነበር ያልኩት። "ጀግና!"፣ "የአባቶችህ ልጅ!"፣ "እንጠብቃለን!" እያላችሁ ጻፋችሁልኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ "ምን ሠራህ?" እንጂ "ጀግና" ያለኝ ሰው አልነበረም። ያቺን ቃል ሌሊቱን ደጋግሜ አነበብኳት።

በመጀመሪያው ቀን እንጦጦን ወጥተን በሱሉልታና በጫንጮ አድርገን ሙከጡሪ አደርን። በሁለተኛው ቀን ገብረ ጉራቻን አልፈን ማታ ላይ ጎሐ ጽዮን ገባን። እግራችን ቢዝልም ደስተኞች ነበርን። የሦስተኛው ቀን ጉዞ ደግሞ በወረቀት ሲታይ ቀላል ነው። ከጎሐ ጽዮን ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ትናንት ከመቶ በላይ የነዳ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ምን ይሆናል?

ችግሩ መንገዱ ሜዳ አይደለም። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። ድልድዩ ያለበት ደግሞ ወደ 1,000 ሜትር ነው። ወደ 1,400 ሜትር ትወርዱና፣ ያንኑ ያህል መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ጠዋት ጋቢ የሚያስፈልግበት ደጋ ላይ ቁርስ በልታችሁ እኩለ ቀን ላይ ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ ውስጥ ናችሁ ማለት ነው።

ጎሐ ጽዮን ያደርንበት ቤት ያሉት እናት ማታውኑ መክረውናል። "ልጆቼ፣ በረሃውን በጠዋት ውረዱ፣ በጠዋት ውጡ። ፀሐይዋ አናት ላይ ከወጣች ጥላ ፈልጋችሁ ተቀመጡ" አሉን። 12 ሰዓት ላይ ጨጨብሳና ሻይ አቀረቡልን። በልተን ወዲያው መነሳት ነበረብን።

አልተነሳንም። ለምን? ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስልኬ ዘግቶ ነበር። "ዓባይን ያለ ቪዲዮ አልሻገርም" አልኩ። ጓደኛዬ "ተው እንሂድ፣ ዓይናችን ያየዋል" አለኝ። አልሰማሁትም። መብራት የመጣው 2 ሰዓት ነው፤ ስልኬ እስኪሞላ 3 ሰዓት ተኩል ሆነ። እንግዲህ የመጀመሪያዋን ጥፋት ቁጠሩልኝ።

ቁልቁለቱን ምን ብዬ ልንገራችሁ! ከከተማዋ ወጣ እንዳላችሁ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከፊታችሁ ማዶ የጎጃም አፋፍ ልክ በቢላ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ይታያል፤ መሃሉ ባዶ ነው። ዓባይ ራሱ ከላይ አይታይም። ትልቅነቱን የምታውቁት በቆረጠው ነገር ነው።

ብስክሌት ላይ ሆኖ መውረድ ደስ ይላል፣ ግን እጅ ይፈጃል። ፍሬን ሳትለቁ ከያዛችሁ የጎማው ብረት እንደ ምጣድ ይግላል። እኛ በየሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትሩ እየቆምን በጣታችን እየነካን እናበርደው ነበር። የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። አስፋልቱም ቀጥ ያለ አይደለም። ቦታ ቦታ ላይ ተጨማዶ ማዕበል ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ስለሚንሸራተት ነው። ከታች ሲኖትራክ በከባድ ማርሽ እያጓራ ይመጣል፤ ከኋላችን ኤፍ ኤስ አር ጡሩንባውን ይነፋል። ዝንጀሮዎቹ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። "እነዚህ ደግሞ ምን ሆነው ነው?" የሚሉ ነው የሚመስሉት።

ፍልቅልቅ የምትባለው ቦታ ላይ ልጆች ሮጠው ደረሱብን። የራስ ቁርና መነጽር ስላደረግን "ፈረንጅ! ፈረንጅ!" ይሉናል። ጓደኛዬ መነጽሩን አውልቆ "ፈረንጅ አይደለሁም፣ የእናንተው ነኝ!" ሲላቸው ሳቁ፤ ወዲያው ግን "ኃይላንድ! ኃይላንድ!" ማለት ጀመሩ። መቼም ታውቃላችሁ፣ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ነው የሚፈልጉት። ለአንድ ሕፃን ትምህርት ቤት ውኃ ይዞ መሄጃው ነው፤ ቤት ውስጥ ዘይት መያዣ ነው።

ስድስት ባለ ሁለት ሊትር ኃይላንድ ይዘን ነበር። ሁለቱ አልቀዋል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ጓደኛዬን "ቪዲዮ አንሳኝ" አልኩት። ሌሎቹን ሁለት ግማሽ ግማሽ የቀሩትን ጠጥተን ጨረስንና አራቱን ባዶ ለልጆቹ አደልኩ። ቪዲዮው ያምራል። "ከሕዝብ ጋር" ብዬ የለጠፍኩት እሱ ነው። ግን አስቡት፣ ወደ በረሃ እየወረድን የውኃ መያዣችንን አሳልፌ ሰጠሁ። መስጠቱ ክፋት አልነበረውም፤ የሰጠሁት ግን ለካሜራው ነው። ደጀን ገብቼ ብሰጥ ማን ይከለክለኝ ነበር? ሁለተኛዋ ጥፋት እሷ ናት።

ወደ ታች ስንቃረብ የጓደኛዬ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ፍሬኑ ብረቱን ሲያግለው የድሮ ልጥፍ ማስቲሹ ለቅቆ ነው። ቀዳዳውን ለማግኘት ውኃ አፈሰስን፣ ለጠፍን፣ እንደገና ለቀቀ፣ እንደገና ለጠፍን። ወደ አንድ ሰዓት ሄደ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ።

ታች ላይ ሁለት ድልድይ አለ። አሮጌው ጎን ላይ ነው። አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ የሚባለው፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተመረቀው ነው። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው፤ ከሁለት ረጃጅም ምሰሶ በገመድ የተንጠለጠለ ነው። መሃሉ ላይ ስትደርሱ ሥራችሁ ዓባይ ነው። ኅዳር ላይ ገና ቡናማ ነው፤ አፈራችንን ተሸክሞ ይሄዳል። ጥበቃ አለ፤ መቆምም ፎቶም አይቻልም። ቪዲዮ ልቀርጽ ብዬ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ የቆየሁበት ድልድይ ላይ ስልኬን ከኪሴ እንኳ አላወጣኋትም!

ከጥበቃዎቹ አንዱ እንደኛው ወጣት ነው። ከራሱ ጀሪካን ሁለቱን ኃይላንድ ሞላልንና "አሁን አትውጡ ወንድሜ። እዚህ ጥላ ሥር ሁኑና 10 ሰዓት ላይ ተነሱ" አለን። ጓደኛዬ ብስክሌቱን ሊያስደግፍ ሲል እኔ "አይ፣ 20 ኪሎ ሜትር አትሞላም፤ ቀስ እያልን እንወጣታለን" አልኩ። በልቤ የማስበው ሌላ ነበር። ደጀን ቶሎ ገብቼ፣ ኔትወርክ አግኝቼ፣ "ዓባይን ወጣነው" ብዬ ልለጥፍ ነው። ሦስተኛዋን ጥፋት ቁጠሩልኝ፤ ከዚህ በኋላ መቁጠር ይቅር።

ዳገቱን ስንጀምር ተናጋሪው እኔ ነበርኩ። ድንጋይ የተማረ ሰው ዓባይ በረሃ ሲገባ ዝም ማለት አይችልም። እውነትም ያ ገደል ከየትኛውም የመማሪያ ክፍል ይበልጣል። ከታች ወንዙ ጋ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ አለ፤ በጂኦሎጂ ስሙ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል። ከሱ በላይ ጄሶና ሸክላማ ድንጋይ የተደራረበበት አለ፤ ስሙ በዚያችው ባደርንባት ከተማ የተሰየመ ነው፤ ጎሐ ጽዮን። ከዚያ በላይ የኖራ ድንጋዩ ይመጣል፤ እሱ ደግሞ በትግራይ ሕንጣሎ ተሰይሟል። ውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል ደርቆ ይገኛል፤ ምክንያቱም ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቦታው ባሕር ነበር። አናቱ ላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ባዛልቱ አለ፤ ከመሬት ሆድ ቀልጦ ወጥቶ የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አዲግራት፣ ጎሐ ጽዮን፣ ሕንጣሎ በአንድ ገደል ላይ ተደራርበው ይታያሉ። አስፋልቱ የሚጨማደደውም በመሃል ያለው ጄሶና ሸክላ ውኃ ሲጠጣ ስለሚለሰልስ ነው።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ እየነገርኩ ነው። እሱ "እ" ይለኛል። ከዚያ "እ" ማለቱንም ተወ። እኔ ድንጋዩን እያነበብኩ የሰው ፊት ማንበብ አቃተኝ።

ነፋስ የለም። ገደሉ እንደ ምድጃ ከሁለት ወገን ያቃጥላል። ብስክሌት ላይ መውጣት አልተቻለም፤ ወርደን እየገፋን ነው። ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ዞር ስል ጓደኛዬ ቆሟል። ፊቱ ቀልቷል፤ ደርቋል። እኔ በላብ ታጥቤ እሱ ምንም ላብ የለውም። "እንዴት ነህ?" አልኩት። "ፎርሙን አስገባሁት፤ ፎቶ ኮፒው ብቻ ቀረ" አለኝ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አይኖቹ ግን እኔን እያዩ አልነበረም። ብስክሌቱን ለቀቀው፤ ተቀመጠ፤ ያስታወክ ጀመር። ውኃው አልቆ ነበር።

አሁን ልናገራት የመጣሁት ቦታ ላይ ደረስኩ።

ከታች አንድ ኤፍ ኤስ አር መጣ። ባዶ ነው። ሹፌሩ ገና ሲያየን ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና "ጫኑት! ብስክሌቱንም ከላይ እናስረዋለን፣ ፈጠን በሉ!" አለ።

እኔ ምን አልኩ? "እናመሰግናለን፣ ትንሽ አርፎ ይነሳል።"

ሹፌሩ በመስኮት ትክ ብሎ አየኝ። "እርግጠኛ ነህ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ሄደ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔ ጨካኝ ሰው አይደለሁም። ይህ ልጅ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። እናቱ ቤት ከራሴ ቤት ያላነሰ እንጀራ በልቻለሁ። ግን ያቺን ሰዓት አእምሮዬ ውስጥ የነበረው እሱ አልነበረም። "አንድም ሜትር በመኪና የለም" የምትለዋ ጽሑፍና ሥሯ ያለው "እንጠብቃለን" ነበር።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ የሆነው ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም። ፎጣዬን ይዤ ጥላ ልሠራለት ሞከርኩ። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ማን ጋ ልደውል እንደፈለግኩም አላውቅም።

ያን ጊዜ አንድ አባት ከታች ባለው የእግር መንገድ አህያ እየነዱ ብቅ አሉ። አህያዋ ሁለት ጀሪካን ውኃ ጭናለች። ገና እንዳዩት ምንም አልጠየቁም። ጋቢያቸውን በውኃ ነክረው በራሱና በደረቱ ላይ አደረጉ። ከጀሪካኑ በአናቱ፣ በብብቱ፣ በእግሩ አፈሰሱ። "አራግብለት እንጂ፣ ምን ቆመህ ታየዋለህ!" ብለው ተቆጡኝ። በባርኔጣዬ አራገብኩ። አፉን በትንሽ በትንሹ አረጠቡለት። ከአንዱ ጀሪካን የቀረ ጠብታ አልነበረም።

ትንሽ ትንሽ ሲመለስ ወደ እኔ ዞሩ።

"መኪናው ቆሞ አልነበረም እንዴ? ከታች ሆኜ አይቻለሁ። ምነው ሄደ?"

"ቃል ገብተን ነው አባቴ። በመኪና ላንሄድ።"

"ስለት ነው?"

"አይ፣ ስለት እንኳ አይደለም።"

"ታዲያ ለማን ነው የገባችሁት?"

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። "ለሕዝብ" አልኩ።

ዙሪያውን አዩ። ገደል ነው፤ አህያ ናት፤ እኛ ነን። "እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?" አሉኝ። "እኔ እንዲህ አድርግ አላልኩህም።"

በቃ። ሌላ ምንም አላሉም። ስድብ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ቀጥሎ የመጣውን አይሱዙ እሳቸው ራሳቸው መንገድ መሃል ገብተው፣ ዱላቸውን ዘርግተው አስቆሙት። ብስክሌቶቹ ከላይ ታሰሩ፤ ጓደኛዬን ጋቢና አስገባነው። "ውኃዎትን ጨረስንብዎት" ስላቸው "ምንጩ እዚያው ነው፣ አይሸሽ" አሉኝ። ምንጩ የት እንደሆነ ስጠይቅ ወደ ታች በአገጫቸው አሳዩኝ። ግማሽ ሰዓት ቁልቁል፣ ከዚያ ወደ ላይ። ብር ልሰጣቸው እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት አህያዋን አዙረው ጀምረው ነበር። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ኩራርን አልፈን ደጀን ስንደርስ ወደ 10 ሰዓት ነበር። ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ጉሉኮስ ተተከለለት። ነርሷ "ማላቡን ሲያቆምና መቀባዠር ሲጀምር ነበር መሮጥ የነበረባችሁ" አለችኝ። ሰዓቷን ዓይታ ሌላ ነገር ልትጨምር አሰበችና ተወችው።

ደህና መሆኑን ሳውቅ ወጣሁ። ስልኬ ኔትወርክ ያዘ፤ መልእክቱ ተግተለተለ። "ዓባይን ወጣችሁ?"፣ "የት ደረሳችሁ ጀግኖቹ?" ይላል። ብስክሌቴን ይዤ ወደ አፋፉ ተመለስኩ፤ አንድ ልጅ ፎቶ እንዲያነሳኝ ለመንኩት፤ ብስክሌቷን ወደ ላይ አነሳኋት። "ዓባይ በረሃ በፔዳል ተሸነፈ!" ብዬ ለጠፍኩ። ጓደኛዬ ጤና ጣቢያ ተኝቶ ነበር።

ፖስተሩ ላይ ያለው ፎቶ ያ ነው።

በማግስቱ ደጀን ውለን አረፍን። ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ እያልን ባሕር ዳር የገባነው በእውነት በፔዳል ነው። እሱም ነዳ፤ አልተወኝም። ስለ መኪናው ግን ሁለታችንም ዝም አልን። እሱ ዝም ያለው እንዳላፍር ብሎ ነው። እኔ ዝም ያልኩት ስለተመቸኝ ነው።

ታዲያ አሁን ምን አናገረኝ? ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። "ወንድሜ፣ አንተን አይቼ ነው። እኔም ከደጀን ጎሐ ጽዮን ብቻዬን በፔዳል ልሠራው ነው፤ ያለ እረፍት፣ ሚያዝያ ላይ" ይላል። ሚያዝያ! እኛ ኅዳር ላይ ነው የተቃጠልነው። ያን መልእክት ሳነበው ሆዴ ባባ። እኔ የዋሸሁት ለላይክ መስሎኝ ነበር። ለካ አንድ የሰው ልጅ ያንን እንደ ካርታ ይዞ ሊሄድበት ነው። ያን ዕለት ማታውኑ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ግን እሱ አንድ ነው፤ ያልጻፈልኝ ስንት አለ? ስለዚህ በአደባባይ የዋሸሁትን በአደባባይ ላርመው መጣሁ።

ለመሄድ ለምታስቡ፣ ሂዱ! አትቅሩ። አገራችሁን በላባችሁ እወቁት። ግን እንዲህ አድርጉ፦

ከደጋው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። እስከ 5 ሰዓት ካልወጣችሁ ጥላ ሥር ሁኑ፤ 10 ሰዓት እስኪል አትንቀሳቀሱ። ለአንድ ሰው ቢያንስ አምስትና ስድስት ሊትር ውኃ የሚይዝ ዕቃ ያዙ፤ ባዶውን ኃይላንድ ከበረሃው ከወጣችሁ በኋላ ስጡ። ውኃ ብቻ አይበቃም፤ ጨው ያስፈልጋል። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን እንጂ አይከመር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ አትቅሩ፤ ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ እየቆማችሁ አብርዱ። ትርፍ የውስጥ ጎማ ያዙ እንጂ በልጥፍ ብቻ አትተማመኑ። ብቻችሁን አትግቡ። ጓደኛችሁን በየኪሎ ሜትሩ ስሙንና ቀኑን ጠይቁት፤ ከተምታታበት፣ ቆዳው ከደረቀ፣ ካስታወከ ጉዞው አልቋል። ውኃ አፍስሱበት፣ አራግቡ፣ የመጣውን መኪና አስቁሙ። ያ መኪና ቢያልፍ ሁለተኛ የሚመጣው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

አንዲት ነገር ጨምሬ ልጨርስ። "አባቶቻችን በእግራቸው ዘምተዋል" ብዬ ጽፌ ነበር። ከጉዞው ስመለስ ተቀምጬ አሰብኩት። እውነት ነው፣ በ1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስተው አድዋ የደረሱት ወራት ፈጅቶባቸው ነው። ግን በቅሎ ያለው በበቅሎ ሄዷል። ስንቅ በአህያ ተጭኗል። "በእግሬ ብቻ ካልሆነ" ብሎ በቅሎውን የመለሰ ጀግና አልሰማሁም። ቁም ነገሩ መድረስ ነበር፤ ያውም አብሮ መድረስ። እኔ የአባቶቼን ስም ጠርቼ አባቶቼ የማያደርጉትን አደረግኩ። የደከመ ጓደኛዬን መንገድ ላይ አስቀምጬ መኪና መለስኩ።

እኛ በስልክ ላይ ስለ አገር ብዙ እንጮሃለን። እኔም እጮሃለሁ፤ ነገም ልጮህ እችላለሁ። ግን ከመለጠፌ በፊት ያንን የአባት ጥያቄ ራሴን መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ለማን ነው? ሕዝብ ስል ማንን ነው የምለው? ላይክ ያደረገውን ነው ወይስ ውኃውን ያፈሰሰውን?

ጓደኛዬ፣ ስምህን አልጠራሁም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ግን እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ያን ቀን ከአንተ በፊት ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር።

አዘጋጆቹን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ማርከር ካላችሁ ስወጣ ፖስተሩን ላስተካክለው። "547 ኪሎ ሜትር በፔዳል፣ 13 ኪሎ ሜትር በአይሱዙ" ብዬ እጽፍበታለሁ። ቦታ ከተረፈኝ ደግሞ "አንድ ጀሪካን ውኃ፤ ያልተከፈለ ዕዳ" ብዬ እጨምርበታለሁ። ሚያዝያ ሳይገባ እኔና ጓደኛዬ ያን ዕዳ ልንከፍል ወደ ኩራር እንሄዳለን። በአውቶብስ ነው የምንሄደው።